የእቁብ ጓደኞቼ ለጥቁር ልጃገረዶች መስጠት ፈልገዋል፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ «እኛ 16 ሴቶች ነን። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ነው። እቁባችን ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። አሁን ከእቁቡ ውጪ በወር 50 50 ዶላር እያዋጣን በሳውዝ ኢስት ዋሽንግተን ያሉ ጥቁር ሴቶችንና ልጃገረዶችን ለማገዝ አስበናል። ግን አልተስማማንም። ግማሾቻችን ‹ለምን ለአገራችን አይሆንም?› ይላሉ። ሌሎቹ ‹የደብተር ቦርሳ ገዝተን እናድል› ይላሉ። ገንዘቡስ በማን ስም ይቀመጥ? ከታክስ ይቀነሳል? እርስዎ በዚህ ሥራ የቆዩ ነዎትና ይምከሩን።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ሁሉ የተያያዘ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። እኔ በዋሽንግተን አካባቢ የትንንሽ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ በመሥራትና እንደናንተ ያሉ የስጦታ ቡድኖችን በማማከር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። 16 ሴት በወር 50 ዶላር ስታወጣ 800 ይሆናል። በዓመት 9,600 ነው። «ይቺ ምን ትሠራለች?» የምትል ሴት ከመሃላችሁ አትጠፋም። እኔ ግን አንዲት ሴት አውቃለሁ። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ከትምህርት በኋላ ሃያ የሚሆኑ ልጃገረዶችን ትሰበስባለች። መተዳደሪያዋ ሌላ ሥራ ነው። ለመክሰሱም ለአውቶቡሱም ከደሞዟ ነበር የምታወጣው። አንድ ዓመት 5,000 ዶላር ስታገኝ መጀመሪያ ያደረገችው ለምታግዛት ወጣት ደሞዝ መቁረጥ ነው። ያቺ ወጣት እዚያው ምድር ቤት ያደገች ነበረች። እና በገንዘቡ ማነስ አትፈሩ።

ማዋጣቱንም ታውቁበታላችሁ፤ ዘጠኝ ዓመት አድርጋችሁታል። የሚከብደው ለማን እንደሚሰጥ አብሮ መወሰኑ ነው። ከዚያ የባሰ የሚከብደው ደግሞ ያንን ውሳኔ ከሚቀበሉት ሴቶች ጋር መካፈል ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ነው የሚመለሰው።

«ለምን ለአገራችን አይሆንም?» የሚሉትን እህቶች አትቆጧቸው። አገር ቤት እናት አለች፣ እህት አለች፣ ችግሩም አለ። ወደዚያ የሚላከው አይቅር። ግን ሁለት ነገር አስታውሷቸው።

አንዱ የቆየ ውለታ ነው። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ሲወር፣ ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ ጥቁር ነርሶች ተሰባስበው ለኢትዮጵያ የሕክምና ዕቃ አሰባስበዋል። አንዷ ሳላሪያ ኪ ትባላለች፤ በሃርለም ሆስፒታል የሠለጠነች ነርስ ናት። ጊዜው አሜሪካ ራሷ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነበር። ዶክተር መላኩ በያንን አስቡ። እዚሁ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው ሕክምና የተማሩት። ባለቤታቸው ዶሮቲ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ ከጎናቸው የቆመው ጥቁር አሜሪካዊው ነው። ያን ጊዜም «የራሳችን ሰፈር እያለ?» ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ግን ሰጡን።

ሁለተኛው የገዛ ልጆቻችን ናቸው። ቤት ውስጥ «ሐበሻ ነን» እንላለን። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ጥቁር ልጅ ናት። እናቷ ከጎንደር ትምጣ ከሐዋሳ ማንም አይጠይቃትም። በ2017 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አጥኚዎች አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ትልልቅ ሰዎች ጥቁር ልጃገረዶችን ከነጭ እኩዮቻቸው ይልቅ «የበሰሉ» አድርገው ያዩዋቸዋል ይላል። ማጽናናትም መጠበቅም ያን ያህል አያስፈልጋቸውም ብለው ያስባሉ። ይህ የሚጀምረው ከአምስት ዓመታቸው ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን! ወድቃ ስታለቅስ «አንቺ ትችይዋለሽ» ተብላ የምትታለፈው ልጅ፣ የእናንተም ልጅ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምናወራው ጥሩ ያልሆነ ወሬ አለ። «እነሱ እኮ…» እያልን የምንጀምረው። ይህን ቡድን የምትጀምሩ ከሆነ ያ ወሬ መቆም አለበት። እንረዳቸዋለን ለምንላቸው ሴቶች ያለን አስተያየት ከፊታችን ላይ ይነበባል። ልጆቻችንም አጠገባችን ሆነው ይሰማሉ።

ሌላው ክፍተት የገንዘቡ ነው። ሚስ ፋውንዴሽን ፎር ዊሜን የሚባለው ድርጅት በ2020 ባወጣው ጥናት፣ የአሜሪካ ፋውንዴሽኖች በዓመት ከሰጡት 66.9 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ነጭ ላልሆኑ ሴቶችና ልጃገረዶች ተብሎ የተሰጠው 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ለእያንዳንዷ ሲካፈል 5 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይደርሳታል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ነው፣ ለዓመት።

ወንዝ ማዶ ይህ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በ2017 ከአናኮስቲያ ወንዝ በስተምሥራቅ የነበረው ብቸኛው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ዘጋ። በዚያው ዓመት በሰሜን ምሥራቅ የነበረ ሌላ ሆስፒታልም የማዋለጃ ክፍሉን ዘጋ። የሰባተኛውና የስምንተኛው ዋርድ፣ ማለትም የዚያ አካባቢ የከተማ ክፍሎች፣ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሲይዛቸው ድልድይ ተሻግረው ነበር የሚሄዱት። ይህ እስከ ሚያዝያ 2025 ቆየ፤ ያኔ ነው ሲዳር ሂል የሚባለው አዲሱ ሆስፒታል የተከፈተው። የሲዲሲን፣ ማለትም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልን፣ ቁጥር ከዚህ ጋር እዩት። በ2023 በአገር ደረጃ፣ ከ100,000 ሕያው ውልደት ውስጥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ነበሩ። ነጮቹ 14.5። በእነዚያ ዓመታት ነፍሰ ጡሮችን በግል መኪናቸው ለክትትል ያመላለሱ፣ ማታ ስልክ ያነሱ፣ አራስ የጠየቁ የሰፈር ሴቶች ነበሩ። እኛ አገር አራስ መጠየቅ እንደምናውቀው ማለት ነው። ለብዙዎቹ ቤንዚን የከፈለላቸው የለም።

እና እነዚህ ሴቶች እርስ በርስ መረዳዳትን ከማንም አልተማሩም። ይህን ደግማችሁ ደጋግማችሁ አስቡት። ወንዝ ማዶ የምትሄዱት ነገሩን ከእናንተ በፊት ወደሚያውቁ ሰዎች ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ዋሽንግተን በናኒ ሄለን በሮውስ ስም የተሰየመ ትልቅ ጎዳና አለ። ስንቶቻችን በመኪና አልፈንበታል፤ ማን እንደሆነች ግን አንጠይቅም። ትምህርቷን እዚህ ከተማ ጨርሳ አስተማሪ ልሁን ስትል የከተማው ትምህርት ቤቶች አልቀጠሯትም። እሷ ግን በ1909 እዚያው ሰፈር ለጥቁር ሴቶችና ልጃገረዶች የራሷን ትምህርት ቤት ከፈተች። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከጥቁር ባፕቲስት ሴቶች ነው። ልብስ አጣቢዎች፣ የሰው ቤት ሠራተኞች፣ አስተማሪዎች በትንሽ በትንሹ ያዋጡት ነው። ከሪችመንድ ማጊ ሊና ዎከር 500 ዶላር ሰጥታለች። ይቺ ማጊ ዎከር በ1903 ባንክ ያቋቋመች ናት፤ በአሜሪካ ባንክ በመመሥረት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። ባንኩ የተሠራው በመረዳጃ ማኅበሯ አባላት ሳንቲም ነው። ማኅበሩን ያየ ሐበሻ «ይህማ እድር ነው» ይላል። ሪችመንድ ከእናንተ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ቤቷ ዛሬ ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ይጎበኛል። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት ጆርጂያ ጊልሞርን ነው። አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበረች። በታኅሣሥ 1955 ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው አደሙ። አድማው 381 ቀን ቆየ። ያን ሁሉ ቀን ሰው ወደ ሥራ የሚያመላልስ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ቤንዚን ይፈልጋል። ጆርጂያ ጓደኞቿን አሰባሰበች። ዶሮ ጠበሱ፣ ኬክና የስኳር ድንች ፓይ ጋገሩ፣ በየውበት ሳሎኑና በየቤተ ክርስቲያኑ ሸጡ። ብሩን በየሳምንቱ ለአድማው ስብሰባ አመጡ። ለቡድኑ ያወጡለት ስም «ከየትም ያልመጣ ክበብ» ማለት ነው። ብሩ ከየት መጣ ሲባል «ከየትም»። ለምን? ምክንያቱም ከሚያዋጡት ብዙዎቹ የነጭ ቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ስማቸው ከወጣ እንጀራቸው ያልቃል። እሷ ራሷ ፍርድ ቤት ቀርባ ስለ አውቶቡሱ በደል ከመሰከረች በኋላ ከሥራዋ ተባረረች። ከዚያ ቤቷን ምግብ ቤት አደረገችው።

ይህን ያነሳሁት ለታሪኩ ብቻ ብዬ አይደለም። ጆርጂያ የሰጪዎቹን ስም ደበቀች፤ ክብራቸውንም እንጀራቸውንም ለመጠበቅ። እኛ ደግሞ የተቀባዮቹን መጠበቅ አለብን። ስለዚህ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት የማማክረው አንድ ቡድን የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት አዘጋጀ። ከፕሮግራሙ ልጆች አንዷ ተነስታ ታሪኳን ብትናገር ሰው ይነካል አልኩ። ሃሳቡ የእኔ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስለ ቤቷ ተናገረች። ሰው አለቀሰ፤ ካሰብነው በላይ ተዋጣ። ልጅቷ ግን በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም። አስተባባሪዋ ፈልጋ ስትጠይቃት «አሁን ሁሉም ሰው ሲያየኝ እሱን ነው የሚያየው» አለቻት። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅር ብላኛለች። ያን ቀን ግን አልረሳውም። እናንተ ማንንም ልጅ ችግሯን እንድትተርክላችሁ አትጠይቁ። ፎቶም አታንሱ። ስለ ሥራው የምትነግራችሁ ሥራውን የምትመራዋ ሴት ናት።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የምታስቡት ነገር እዚህ አገር ጊቪንግ ሰርክል ይባላል። አንድ ላይ ማዋጣት፣ አንድ ላይ መወሰን ነው። ከ2017 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቡድኖች፣ 370,000 ያህል ሰው ይዘው፣ ከ3.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጥተዋል። እዚህ ዋሽንግተንም ብላክ ቤኔፋክተርስ የሚባል የጥቁሮች የስጦታ ቡድን ነበር፤ የተመሠረተው በ2007 ነው። ዋሽንግተን ኤሪያ ዊሜንስ ፋውንዴሽን ሥርም ጥቁር ሴቶች ተሰባስበው ሰጥተዋል። ከዜሮ የምትጀምሩት ነገር የለም ማለት ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

እቁብ ላይ ያላችሁ ልምድ ይጠቅማችኋል። ዳኛ አላችሁ፣ ጸሐፊ አላችሁ፣ መተማመን አላችሁ። የካሪቢያንና የምዕራብ አፍሪካ ሰዎችም «ሱሱ» ይሉታል፤ ወንዝ ማዶ ስትሄዱ «እኛም አለን» የምትል ሴት ታገኛላችሁ። ግን ልዩነቱን አትርሱ። እቁብ ዕጣው ለአንቺም ይደርሳል። እድርም የሚያለቅሰው ከአባሉ ጋር ነው። ይሄኛው ገንዘብ ከእጅ ከወጣ አይመለስም፤ የሚሄደውም ወደ ውጭ ሰው ነው። ስለዚህ የእቁቡ ብርና የስጦታው ብር በምንም ተአምር አንድ ላይ እንዳይቀመጥ። አንዷ ጎድሎባት «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብላ ከስጦታው የተበደረች ቀን ቡድኑ አለቀ።

የድምፁን ነገር ከወዲሁ ተነጋገሩ። 50 ያዋጣችም 20 ያዋጣችም አንድ ድምፅ ይኑራት። ሥራ ያጣች አባል ለጥቂት ወር ሳታዋጣ ድምፅዋ አይነሳ። ከዚያ ደግሞ ሁለት የሰፈሩን ሴቶች አስገቡ። እዚያው የሚኖሩ፣ ከእናንተ እኩል ድምፅ ያላቸው። መዋጮ አትጠይቋቸው፤ እንዲያውም ለሚመጡበት ትራንስፖርትና ለጊዜያቸው ክፈሏቸው። የራሷ ድርጅት ሲነሳ ያቺ አባል ድምፅ አትስጥ። ይህን ሃሳብ ሳቀርብ ሁልጊዜ አንድ ሰው «ብሩ የእኛ ሆኖ?» ይለኛል። አዎ፣ ብሩ የእናንተ ነው። ኅዳር ላይ ልጃገረዶቹ ምን እንደሚጎድላቸው የምታውቀው ግን የሰፈሯ ሴት ናት።

ቦርሳውን እዚህ ጋ ልመልስ። ቦርሳ መጥፎ ነገር አይደለም። ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቦርሳ የሚያድል ሞልቷል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ባንኩ፣ ፖለቲከኛው። አንዷ ልጅ ሦስት ይደርሳታል። ሞዴስ አልቆባት ከትምህርት ቤት የቀረችውን የሚያያት ግን የለም። ሹሩባ የምትሠራበት አጥታ ፀጉሯን በኮፍያ ሸፍና የምትሄደውንም እንዲሁ። ሹሩባው ለእኛ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለሆነች ግን ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣትና አለማውጣት ነው። ይህን እኔ አላወቅኩትም ነበር። የነገረችኝ ያቺ የምድር ቤቷ ሴት ናት።

«ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጥ?» በማንም አባል ስም አይቀመጥ። በዜል፣ በስልክ ብር መላኪያው፣ ወደ አንዷ የግል አካውንት መላክ ቀላል ነው፤ ግን ከታክስ አይቀነስም፤ ሰውዬዋ ብትታመም ወይም ብትፋታ ገንዘቡ ጣጣ ውስጥ ይገባል። ራሳችሁ በጎ አድራጎት ድርጅት ማቋቋምም አያስፈልጋችሁም። በ16 ሰው ያ ሁሉ ወረቀት ሸክም ነው። የሚሻለው 501 ሲ 3 የሚባለው የበጎ አድራጎት ፈቃድ ያለው ድርጅት ፊስካል ስፖንሰር፣ ማለትም የገንዘባችሁ አስተናጋጅ፣ እንዲሆናችሁ መጠየቅ ነው። ገንዘቡን እሱ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል፣ እናንተ ስትወስኑ ቼክ ይልካል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። ከ9,600 ላይ ከ480 እስከ 960 ዶላር ማለት ነው። ያናድዳል፤ ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን፣ የአካባቢውን ስጦታ የሚያስተዳድር ድርጅት፣ ከሄዳችሁ ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ ይከፍቱላችሁ ይሆናል፤ ገንዘቡ እነሱ ዘንድ ተቀምጦ ለማን ይሰጥ የሚለውን ሰጪዎቹ የሚያማክሩበት ሒሳብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከ2026 ጀምሮ፣ ታክስ ሲሠራ ወጪውን የማይዘረዝር ሰውም በዕቃ ሳይሆን በገንዘብ የሰጠውን እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ከሞሉ ደግሞ እስከ 2,000 ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ላይ መቀነስ ይችላል። የእናንተ መዋጮ በዓመት 600 ስለሆነ ሙሉው ይገባል። አብዛኞቻችሁ ወጪ የምትዘረዝሩ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ይህ ሕግ ለእናንተ ነው። ነገር ግን ለዶነር አድቫይዝድ ፈንድ የተሰጠ ገንዘብ በዚህ አይቆጠርም! ስለዚህ «የምትከፍቱልን ፈንድ የትኛው ዓይነት ነው?» በሉ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የባንክ ማስረጃችሁን አስቀምጡ። አንዷ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጠች የድርጅቱ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። «ይህ ለእከሊት ልጅ ይሰጥልኝ» ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ ከታክስ አይቀነስም፤ ለሰው መስጠት እንጂ ለድርጅት መስጠት አይሆንም። መሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛን ስጦታ በእኩል መጠን የሚደርብ እንደሆነም ጠይቁ። ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ የምትሠሩት በተለይ።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ጉዳይ ታዋቂ ሆኗል። አትላንታ ያለው ፊርለስ ፈንድ ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች 20,000 ዶላር የሚሸልም ውድድር ነበረው። በ2023 ተከሰሰ። በሰኔ 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውድድሩ በ1866 የወጣውን፣ በውል ላይ በዘር መለየትን የሚከለክለውን የሲቪል መብት ሕግ የሚጥስ ይመስላል ብሎ አገደው፤ መስከረም ላይ በስምምነት ተዘጋ። ያ ሕግ የወጣው ከባርነት ነፃ የወጡትን ለመጠበቅ ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም ያመኛል። ለእናንተ ግን ትምህርቱ ቀላል ነው። ውድድር አታዘጋጁ፤ ለግለሰብ ነጋዴ ሽልማት በውል አትስጡ። በሰፈሩ ሥራ ለሚሠሩ ድርጅቶች ስጦታ ስጡ። አስተናጋጁ ድርጅት ጠበቃ አለው፤ የጥሪውን ጽሑፍ ያሳየው።

ድርጅት ስትመርጡ ድረ ገጹ ባማረ አትታለሉ። የአይ አር ኤስ፣ የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ድረ ገጽ ላይ ፈቃዱን ማየት ይቻላል፤ ድርጅቶቹ በየዓመቱ የሚሞሉት ፎርም 990ም ለሕዝብ ክፍት ነው። በዓመት ከ50,000 ዶላር በታች የሚያገኙ ትንንሾቹ ግን የሚሞሉት አጭር ኤሌክትሮኒክ ካርድ ብቻ ነው፤ «ሪፖርት የለውም» ብላችሁ አትለፏቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ሄዶ ማየት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ይዛችሁ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ አረንጓዴው ቀይሩ፤ አናኮስቲያ ውረዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ 16 ሆኖ መሄድ ጉብኝት ይመስላል። የምትመራው ሴት የዚያ ሰፈር ሰው ናት? ልጃገረዶቹ ሲያዩዋት ምን ይሆናሉ? አንዷ ልጅ ስትቀር ማን ደውሎ ይጠይቃል? ይህን እዩ።

ለ4,000 ዶላር ደግሞ አሥር ገጽ ማመልከቻ አታስሞሉ። የአንድ ሰዓት ወሬ ይበቃል፤ ማስታወሻውን እናንተ ጻፉ። ሪፖርትም እንዲሁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ስልክ ደውላችሁ ስሙ።

እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ድርጅት ብቻ እመርጥ ነበር። ለእያንዳንዱ 4,000። ቀሪው 1,600 የአስተናጋጁን ክፍያ ይሸፍናል፤ የሚተርፈው ደግሞ ድንገት ለሚመጣ ነገር ይቀመጣል። «ለዚህ ብቻ አውሉት» አትበሉ። የመብራት ሒሳብ ይክፈሉበት፣ ደሞዝ ይክፈሉበት፤ ያ ሳይከፈል ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ክፍል አይከፈትም። ደግሞም ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ቃል ግቡላቸው። አንድ ዓመት ሰጥቶ መጥፋት በእነዚያ ሰፈሮች የተለመደ ነው፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። «እናንተስ እስከ መቼ ናችሁ?» ብላ የጠየቀችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትሄዱ እንደሆነም ታስቡበት ይሆናል። ውሰዷቸው፤ ግን ለመርዳት ብላችሁ ሳይሆን አብረው እንዲጫወቱ፣ አብረው እንዲማሩ፤ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ኃላፊ አስፈቅዱ። የእናንተ ልጆች ከእኛ ቀድመው ይግባባሉ።

ከአስተናጋጁ ድርጅት የሚመጣውን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ላኩልኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም። የማየው ሁለት ቦታ ነው። ቡድኑ ቢበተን ቀሪው ገንዘብ የት ይሄዳል? ከወሰናችሁ በኋላስ ቼኩ በስንት ቀን ይወጣል? ሁለተኛው ቀላል ይመስላል። ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምት ፕሮግራም የሚያካሂዱ ሴቶች ገንዘቡን የሚፈልጉት መጋቢት ላይ ነው፤ ክፍል የሚከራዩት፣ ወጣቶቹን የሚቀጥሩት ያኔ ነው። ቼኩ ሰኔ ላይ ከደረሰ ልጆቹ ክረምቱን ቤት ይቀመጣሉ። ስለዚህ አሁኑኑ ብትጀምሩ ይሻላል።